መስቀል ያልቀደመው ኮከብ

የሺሀረግ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሐኪም የጻፈውን የበሽታ ስም ወደ ቁጥር ትለውጣለች። የመገጣጠሚያ ሕመም ከሌላ በሽታ ሲመጣ ቁጥሩ ሁለት ነው፤ የሥሩ በሽታ መስቀል መሳይ ምልክት ይዞ ይቀድማል፣ መገጣጠሚያው ኮከብ ይዞ ይከተላል። ኮከብ ብቻውን አይቆምም። ይህን ለአዳዲሶቹ ያስተማረችው ራሷ ናት።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ጋሽ ሾዴ ጉልበታቸው አብጦ የመጡት በጥር ነበር። እግራቸውን እየጎተቱ መስኮቷ ጋ ደርሰው፣ «እኔ ደህና ነኝ ልጄ፤ የታመመው ጉልበቴ ነው» ብለው አሳቋት።

ካርዳቸው ፊት ላይ «ከሌላ በሽታ የመጣ የጉልበት ብግነት» ይላል። የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ ጀርባው ላይ «ቲቢ ነው፤ ሳንባም ተነክቷል፤ ይጠሩ» ብሎ ጻፈበት። ቀኑ የወር ሪፖርት የሚዘጋበት ነበርና የሺሀረግ ካርዱን ሳትገለብጥ ኮከቡን ብቻ መዘገበች። የቲቢ ሕሙማን የሚጠሩት ደግሞ ከመስቀሉ ዝርዝር ነው። ጋሽ ሾዴን የጠራቸው የለም።

በሰኔ ካርዳቸውን ወደ ሟቾች መደርደሪያ ስትወስድ ከእጇ ወደቀ። ጀርባውን ያኔ አነበበችው።

ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ የሚጎተት እግር ትሰማለች።

«አቢ፣ አሁን ሰው አለፈ?»

«ኧረ የሺ! አንቺንስ እንጦጦ ጠበል ነው የሚያሻሽ» ብሎ ሳቀ የሥራ ባልደረባዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ፣ ጋሽ ሾዴ ቤት ወጣች። እሳቸው እግራቸውን ይሰድዱበት የነበረው የሽመና ጉድጓድ ባዶውን ነው። ከክሊኒክ መምጣቷን ስትናገር ባለቤታቸው ማግ እያጠነጠኑ ቀና አሉ።

«ከክሊኒክ ነሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ጉልበት ሰው ይገድላል?»

ከመጋረጃው ጀርባ ልጃቸው ሉሊት ሳለች።

«ብርድ ነው» አሉ እናትየው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባቷ ከሞተ።»

የሺሀረግ ብትናገር ሥራዋን እንደምታጣ አሰበች፤ ሳሉን ደግማ ሰማችው።

«እትዬ፣ ጉልበት አልነበረም። ቲቢ ነበር። ካርዱ ጀርባ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። አሁኑኑ ሁላችሁም መመርመር አለባችሁ።»

«ገልብጠሽ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

ማጉ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ «ሉሊት፣ ተነሺ፤ ልበሺ» አሉ።

እናትና ልጅ ፊት ፊት ቁልቁለቱን ወረዱ። የሺሀረግ ተከተለቻቸው። ከኋላዋም አንድ እግር አስፋልቱ ላይ ይጎተት ነበር። ዞራ አላየችም፤ እንዲደርስባት ብላ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።