በእናቴ ጨሌ ላይ ያለው ቁጥር

እናቴ ሁሉን ስትረሳ ሰላምታን አልረሳችም። ችግሬም የጀመረው ከዚያ ነው። የእኔን ስም፣ ምሳ መብላቷን፣ የገዛ በራችንን የረሳች ሴት፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ?» ሲላት ሳትደነቃቀፍ «ናጋ፣ ፈያ» ትልና የእሷን ተራ ትጀምራለች። ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ከዚያ መርቃ ታሰናብታለች። እንዲህ አሳምራ ሰላም የምትል አሮጊት ጠፍታለች ብሎ አምቦ ውስጥ የሚጠረጥር የለም። «ናጋን ገላ» ይሏታል፣ በሰላም ይግቡ ማለት ነው። እሷም ወደማታውቀው አቅጣጫ በሰላም ትሄዳለች።

የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበር። አባቴ ልጅ ሳለሁ ሞቷል፣ ወንድምና እህት የለኝም። ሳላገባ የቀረሁት እሷን ላስታምም ብዬ ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ውሸት ነው፤ ሳላገባ የቀረሁት አመለ ክፉ ስለሆንኩ ነው። ሙያ ትምህርት ቤት ድሮዊንግ አስተምራለሁ፤ ግማሽ ሚሊሜትር የሳተ መስመር ካየሁ ወረቀቱን ለተማሪው እመልሳለሁ። ሰውንም እንደዚያው ስመልስ ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ የጠፋች ቀን ከክፍል ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መናኸሪያውን ዞርኩት፣ ገበያውን ዞርኩት፣ አጣኋት። ወደ ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ፤ ጉደር፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ አይቷት ኖሯል። ሄጄ ሳገኛት ከባለሱቁ ጋር ስለ ጤፍ ታወራለች። «ወዴት ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «ወደ ቤት» አለችኝ። ቤት የምትለው ሸነን ነው፣ ተወልዳ ያደገችበት። ከዚያ ወጥተን አምቦ ከገባን አርባ ዓመት አልፎናል።

ጎረቤቶች በሩን ቆልፊባት አሉኝ። አንድ ቀን ቆለፍኩባት። በምሳ ሰዓት ስመለስ በቆርቆሮው በር ውስጠኛ በኩል ቆማለች። ጎረቤት የተከራየችው ልጅ እንደነገረችኝ ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ቆማ፣ በውጭ የሚያልፍ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር «አካም ጅርቱ» ስትል ነበር። የሚመልስላት አላገኘችም። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ዳግመኛ አላወጣሁትም። ትሂድ፣ ግን ትመለስልኝ፤ የፈለግኩት ይህንን ብቻ ነው።

እንግዲህ ስልክ ቁጥሬ ከእሷ ጋር መዞር ነበረበት። በወረቀት ጽፌ ቀሚሷ ኪስ ከተትኩት፤ ለለማኝ ሰጠችው። አምባር አሠራሁላት፤ እጇን ስትታጠብ አውልቃ ባልዲ ውስጥ ጣለችው። ነጠላዋ ጥለት ላይ ጠለፍኩት፤ ነጠላዋን ለአንዲት እርጉዝ ሴት ደርባላት መጣች። ከሰውነቷ የማይለይ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ጨሌዋ። ገና በልጅነቷ ሸነን ሳለች በገዛ እጇ የሰካችው የዶቃ ሐብል ነው፣ ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ እንደገና ሦስት ቀይ። ከማተቧ ሥር ያርፋል። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም። የነፍስ አባቷ ከጠንቋይ ዕቃ ቆጥረውት አውልቂው ብለዋት ነበር፤ በዚህ የተነሳ ለስድስት ወር አኩርፋቸዋለች።

ቁጥሩ ጨሌው ላይ መንጠልጠል እንዳለበት ያን ጊዜ ገባኝ። ሙያዬ ነውና ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወረቀት ዘርግቼ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ነደፍኩ። ከለስላሳ ቆዳ አራት ማዕዘን ኪስ ሰፋሁ፣ ቁጥሬ ያለበትን ካርድ በላስቲክ አሽጌ ውስጡ ከተትኩ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያውን በሰም በተቀባ ክር ደፈንኩት። የሥራ ባልደረቦቼ እያገላበጡ አደነቁልኝ። እናቴም ወደደችው፣ በመዳፏ ትዳብሰው ነበር።

በወሩ እንደገና ጠፋች። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስልኬ ዝም አለ። በመጨረሻ መናኸሪያ ውስጥ ከአንድ ሾፌር ጋር አገኘኋት፣ ክንዷን ይዞ ከሰው ሰው እየዞረ ዘመድ ያፈላልግላታል። ጠዋት መኪናው ላይ ወጥታ ወንጪ ድረስ ሄዳ ኖሯል። ምሳ አብልቷት፣ ጥላ ሥር አስቀምጧት፣ ሲመለስ ይዟት መጣ። ላመሰግነው ሲገባኝ ጮኽኩበት።

«አንገቷ ላይ ስልክ ቁጥር አለ እኮ! ለምን አልከፈቱትም?»

ሰውዬው ደነገጠ። «ይቅርታ እህቴ፣ ክታብ መስሎኝ ነው። የሰው ክታብ ይከፈታል እንዴ?»

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። ጨሌ ያሰረች አሮጊት፣ ጨሌው ላይ በአራት ማዕዘን የተሰፋ ቆዳ። እኔም ብሆን አልነካውም ነበር። ያን ሁሉ ነድፌ፣ ያን ሁሉ ለክቼ፣ በዚህ አገር ሰው ሁሉ እጁን የሚሰበስብበትን ነገር ሠርቼ አንገቷ ላይ አንጠልጥያለሁ። እናቴ ሾፌሩን እየመረቀችው ነበር፣ ላሞቹ እንዲወልዱለት። ላም የለውም፤ አሜን አለ።

ሁለተኛው ከነሐስ የተሠራ ነው። ከድሮ የቡታጋዝ ማንደጃ ሆድ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ክብ ቆረጥኩ፣ ቁጥሬን ቀረጽኩበት፣ ጫፉን በትራፓኖ በሳሁት፣ በቀለበት አድርጌ ክሩ ላይ አንጠለጠልኩት። ሁለት ስህተት ሠራሁ። በአንድ ነጥብ የተንጠለጠለ ነገር ይዞራል፤ ቁጥሩ ወደ ደረቷ፣ ባዶው ፊት ወደ ሰው ሆነ። የባሰው ደግሞ ቀለበቱ ሆነ፤ በተራመደች ቁጥር ክሩን ይሞርደዋል። ለተማሪ የማስተምረውን ነገር ራሴ ስቻለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክሩ ተበጠሰ። ዶቃው አስፋልቱ ላይ ተበተነ፣ እናቴ በጉልበቷ ወደቀችና ጮኸች። አባቴ የሞተ ቀን እንኳ እንደዚያ ስትጮኽ አልሰማኋትም። ባጃጆች ቆሙ፣ ሰዎች ነጠላቸውን ሰብስበው ተንበርክከው አብረውን ለቀሙ። ሁለት ቀይ ዶቃ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሦስት ቀን አንገቷ ባዶ ሆኖ ዋለ። በእጇ ትዳስሳለች፣ ታጣዋለች፣ ሌባ ትለኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፌድ ላይ ዶቃውን አፍስሼ ከፊቷ ተቀመጥኩ። እሱን ስታይ ወደ ሰፌዱ ተጠጋች። ከዚያ ጣቶቿ ራሳቸው ተነሱ። ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ እየለየች ታቀብለኛለች፤ ተራውን ስስት እጄን በጥፊ ትመታኛለች። እንደ ተማሪዋ መታችኝ፣ ደስም አለኝ።

«እናት አለሽ?» አለችኝ በመሃል።

«አለችኝ።»

«ታድለሻል። የት ናት?»

«እዚሁ ናት» አልኳት። ዙሪያዋን ተመለከተች፣ ሰው አላየችም፣ ወደ ዶቃዋ ተመለሰች። ወጡን ላማስል ተነሳሁ፤ ወጡ ግን ገና እሳት ላይ አልተጣደም ነበር።

የመጨረሻውን የሠራሁት ያን ሰሞን ነው። ክብ አይደለም፤ የጣት ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ነሐስ ነው፣ በአንገት ልክ በጥቂቱ የጎበጠ። ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ወይም ቀዳዳ የለውም። በጀርባው ከአንድ የተሰበረ ራዲዮ አንቴና የቆረጥኩትን ቀጭን ቱቦ ዳር እስከ ዳር በየድኩበት፤ ክሩ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ ስለዚህ ጠፍጣፋው ሊዞር አይችልም። የቱቦውን አፍ በሞረድ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ክር እንዳይቆርጥ። ክሩ የጫማ ሰፊ ነው፣ ሁለት እጥፍ። በየዶቃው መካከል ቋጠሮ አሰርኩ፣ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ዶቃ ብቻ እንዲሆን። መክፈቻ አላበጀሁለትም፤ በራስ ብቻ የሚጠለቅ ነው።

ክታብ እንዳይመስል ደግሞ አስቀያሚ መሆን ነበረበት። ይህ ከሁሉ ከበደኝ። ከወርክሾፑ ቁጥር የሚመታባቸውን ብረቶች ተውሼ፣ ነሐሱን ሞርሳ ላይ አስሬ፣ የስልኬን ቁጥር በትልልቁ መታሁበት። ከላይ በአማርኛ «ስልክ»፣ ከጎኑ በኦሮምኛው ቁቤ ያንኑ፣ «ቢልቢላ» ብዬ ቀረጽኩ። ጉድጓዶቹን በቀይ የጥፍር ቀለም ሞላሁ። የመኪና ታርጋ መሰለ። ከሥሩ በልማዴ ኅዳግ ትቼለት ነበር፣ አንድ መስመር የሚያጽፍ።

እናቴ አልወደደችውም። ሰው ግን አነበበው።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ሥራ አገኘ። ሰው ሁሉ ማስክ በሚያደርግበት ዓመት ነበር፤ ከሩቅ ሆነው አንብበው ይደውላሉ። ከጉደር ደወሉ፣ ከወንጪ ደወሉ፤ አንድ ጊዜ ከካቺሲ ገበያ ደወሉ፣ በምን እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። «እናትዎ እኛ ጋ ናቸው፣ አይጨነቁ፣ ሻይ እየጠጡ ነው» ይሉኛል። መጀመሪያ ግን ረጅም ሰላምታ ያቀርባሉ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ። ልጅ የለኝም አልልም፣ ደህና ናቸው እላለሁ። ለእኔ ብሎ የሚደውል ሰው አልነበረኝም። የምጠራው በእሷ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሳምንት የትም ሳትሄድ ስትከርም ስልኬ ዝም ይል ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ ሳየው አልዘጋሁትም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ዓመት ያህል አንድም ቀን ሳትመለስ አልቀረችም። የሞተችው አልጋዋ ላይ ነው፣ በክረምት፣ ሳንባ ምች ይዟት። ሊገንዟት የመጡት ሴቶች ጨሌውን ሊያወልቁ መክፈቻውን ፈልገው አጡ። አንዷ መቀስ አመጣች። «አይቆረጥም!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ደንግጠው አዩኝ። ራሷን ቀና አድርጌ በራሷ አወጣሁት። ጥብቅ አድርጌ ሠርቼው ስለነበር ጆሮዋን ትንሽ ቧጠጠው። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከአርባዋ በኋላ እኔ አጠለቅኩት። ጌጥ ብዬ አይደለም፤ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጡ አላስቻለኝም። ትምህርት ቤት ውስጥ በሸሚዜ ኮሌታ እሸፍነዋለሁ።

ባለፈው በጋ ለፈተና እርማት ወደ ጉደር ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች፣ በእኔ ግማሽ ዕድሜ። ሰላም አለችኝ፣ እኔም መለስኩ፣ ልጆቿን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን ጠየቅኩ። ሙቀት ስለነበር ኮሌታዬን ከፍቻለሁ። ዓይኗ ነሐሱ ላይ አረፈ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ፣ «እናቴ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«ወደ ሥራ!» አልኳት።

«እሺ፣ እሺ» አለች፣ እጄን መታ መታ አድርጋ። ስልኳን አውጥታ ነሐሱን እያየች ቁጥሩን ነካካች፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ጉልበቴ ላይ ያለው ቦርሳዬ ጮኸ።

መጀመሪያ ሁለታችንም ሳቅን። ስለ እናቴ ነገርኳት፣ ነፍስ ይማር አለች። ነሐሱን በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ እንደገና አነበበችው። «እርስዎ ቢጠፉስ ለማን ነው የሚደወለው?» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፣ የምር ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ኮሌታዬን ስቆልፍ ጉደር ደረስን። «ናጋን ገላ» ብላኝ ወረደች።

ያን ቀን ከጉደር ስመለስ ከወርክሾፑ የቁጥር ብረቶቹን እንደገና ተውሼ ወደ ቤት መጣሁ። ጨሌውን አውልቄ ነሐሱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩ፣ ብረቶቹን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ደረደርኳቸው። ከሥሩ የተውኩት ኅዳግ ንጹሕ ነው፣ በደንብ ይበቃል። ከማውቃቸው ሰዎች የብዙዎቹ ስልክ የሚጀምረው አንድ ዓይነት ስለሆነ ዜሮን መታሁ፣ ከጎኑ ዘጠኝን መታሁ። ቀጥ ብለው ወጡ። ሦስተኛውን ብረት ላነሳ እጄን ዘረጋሁና የማን ቁጥር እንደሚሆን አላወቅኩም።