የመታጠፊያው ክላክስ

በቀደም አዲስ አበባ፣ ሙዚቃ የምትማረው ልጄ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር ጡሩምባ ስትነፋ ለማየት ከጭሮ ሄጄ፣ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያ ሁሉ ተጫዋች ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን በየፊናው እየሞከረ ሲያንጫጫው፣ የልጅነቴ ድምፅ መጣብኝ፤ በደጃችን የጫት መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ የነበረው ጩኸት።

አባቴ የጫት መኪና ሾፌር ነበር። ከገለምሶ ጭኖ በጭሮ አድርጎ ወደ ድሬዳዋ ሲበር፣ ጫቱ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ደጃችን ላይ እንኳ አይቆምም ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ረጅም ክላክስ ያደርጋል፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፤ እናቴም የያዘችውን ጥላ ትወጣና ነጠላዋን ታውለበልባለች፣ ሰምቻለሁ፣ ሂድ ማለቷ ነው። በበጋ አቧራው ከመኪናው ኋላ ተነሥቶ እሷንም ቤቱንም ይሸፍን ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ቤታችን ዕረፍት አያውቅም ነበር። ዝናብ ሲጥል እናቴ ትነሣለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እኛን «ዝም በሉ፣ ልስማበት» ትለናለች። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ «ኧረ ተይ፣ የሚጠወልገው ጫቱ ነው እንጂ ባልሽ አይደለም» እያለች ትስቅባት ነበር። አንድ ቀን ክላክሱ ሳይሰማ መሸ። ያን ቀን አዴ ፋጡማም አልቀለደችም፤ ከእናቴ አጠገብ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ «ረቢ ያውቃል» እያለች አምላኳን ብቻ ትጠራ ነበር። አባቴ በማግስቱ፣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦበት፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በእግሩ መጣ። እሱ በደህና ገባ፣ ፍርሃቱ ግን እኔ ላይ ቀረ።

ልጄ ገና ከጭሮ ሳልነሣ በስልክ አስጠንቅቃኝ ነበር።

«እማ፣ ሰው ሳያጨበጭብ እንዳታጨበጭቢ። ደግሞ እልል እንዳትይብኝ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«የአክስቴ ልጅ ምርቃት ላይ ያደረግሽውን አልረሳሁም።»

እሺ ብዬ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ተጀመረ፤ ቫዮሊኑ ሁሉ ባንድ ላይ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ እሷ ግን ያንን የተጠቀለለ የነሐስ ጡሩምባ ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም። ሌላው ይጫወታል፣ እሷ ዝም። ረስተዋት ይሆን፣ አሟት ይሆን፣ ዜማው ጠፍቶባት ይሆን እያልኩ የነጠላዬን ጫፍ ስቋጥር ስፈታ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ «እናቴ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ።

«ልጄ አልነፋችም።»

«ተራዋ አልደረሰ ይሆናላ» አለኝ።

ከዚያ ሁሉም ዝቅ አለ፣ ጡሩምባዋን አነሣች፣ ረጅም፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣ። ሳላውቀው ቆሜ ነጠላዬን አውለበለብኩ። እልል አላልኩም፤ ያንንስ ጠብቄያለሁ። ሰውዬው ልብሴን ሳብ አድርጎ አስቀመጠኝ።

ስትወጣ «አየሽኝ ወይ?» አልኳት።

«መብራቱ ዓይናችን ላይ ነው እማ፣ ማንም አይታየንም።»

አባቴም በዚያ አቧራ ውስጥ እናቴን ያያት አይመስለኝም፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳታውለበልብ ቀርታ አታውቅም። ዛሬም የምኖረው እዚያው ቤት ነው፤ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ባጃጁ ይርመሰመስበታል፣ አቧራውም የለም፣ ልጄም ባለችበት ሆና ትደውልልኛለች። ዝናብ ሲጥል ግን ስልኩን እንደያዝኩ እነሣለሁ፣ በሩን እከፍትና መታጠፊያውን አያለሁ።