መመሪያውን ያላነበብኩበት ጠዋት

በዚያን ጊዜ ሀርጌሳ ግማሿ ፍርስራሽ፣ ግማሿ አሸዋና ሲሚንቶ ነበረች። እኔ በአንድ የአየር መንገድ ቢሮ ውስጥ ትኬት ቆራጭም የኮምፒውተር ሐኪምም፣ ባጭሩ ሊቀ ሊቃውንት ነበርኩ። ዋናው ቢሮ «ፓስወርድ ቀይሩ፤ ልዩ ምልክት ይኑረው» ሲል ሰይጣን እንኳ ሰባት ዓመት ለፍቶ የማይደርስበት ፓስወርድ ፈጠርኩ፤ መሀሉ ላይም # የምትባለዋን መሰላል መሳይ ሰካሁበት። የመንገደኞችን ዝርዝር ወደ አዲስ አበባ የሚልከው ፕሮግራም በሚያነበው የማዋቀሪያ ፋይል ላይም ጻፍኩና ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዝርዝሩን ለመላክ ስሞክር ኮምፒውተሩ «ፓስወርዱ ትክክል አይደለም» አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። በሦስተኛው ስህተት መግቢያው ይቆለፋል፤ የሚከፈተው ከአዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ዝርዝሩ እስከ አራት ሰዓት ካልደረሰ አዲስ የተመዘገበ ሰው አይሳፈርም።

አዲስ የተመዘገበው አንድ ሰው ነበር፤ በርበራ መንገድ ላይ እግሩ የተጨፈለቀ ያገሬ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ሐኪሙ «ዛሬ አዲስ አበባ ካልደረሰ እግሩን ያጣል» ብሏል። እሱም አግዳሚ ወንበራችን ላይ ተጋድሟል።

«ወንድሜ፣ ምን አለ ኮምፒውተሩ?»

«ትንሽ እያሰበ ነው።»

«ያስብ። እግሬ ግን አይጠብቀውም።»

ላቤ ጠረጴዛው ላይ ሐይቅ ሠራ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጫን ስል ጅግጅጋ ያደገችው የሥራ ባልደረባዬ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አንሳ! መጀመሪያ ፋይሉን ክፈተው!»

ከፈትኩት። ከኔ መስመር በላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሰባት መስመሮች ነበሩ፤ ሁሉም በ# ይጀምራሉ።

«እነዚህን አንብበሃቸው ታውቃለህ?»

«መመሪያ እኮ ለማያውቅ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ላንተ ነው የተጻፈው!»

በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከ# በኋላ ያለው ለሰው ማስታወሻ ነው፤ ማሽኑ ያልፈዋል። ምልክቱ ፓስወርድ ውስጥ ካለ በትእምርተ ጥቅስ መታጠር አለበት። ለካ ያ ገናና ፓስወርዴ አንገቱ ተቀልቶ፣ የፊተኞቹ አራት ፊደላት ብቻ ናቸው አዲስ አበባ ሲደርሱ የነበሩት!

ጥቅሱን ጨመርኩ። ልልክ ስል ግን ቆም አልኩ። ማሽኑ ጥቅሱንም የፓስወርዱ አካል አድርጎ ቢልከውስ?

ሾፌሩ በክርኑ ተነሣ። «ምንድነው የምትጠብቁት?»

መዋሸት አቃተኝ። «አንድ ሙከራ ነው የቀረን። ከሳትኩ ዛሬ አትሄድም።»

«ፈርተሃል?»

«አዎ።»

«እኔም። በል ንካው።»

«ቢስሚላሂ» አለች እሷ። ተጫንኩ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ፤ ግማሹ ፀጉሬ የረገፈው ያኔ ነው። ከዚያ «ዝርዝሩ ደርሷል» የሚል መጣ። ለአራት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ነበር የቀረው።

አንሥተን ታክሲ ውስጥ አስገባነው። እስከ አየር ማረፊያው ድረስ እግሩን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ። እሱ በሕመም ጥርሱን ነክሶ ባለታክሲውን ይቆጣል፦ «ማርሽ ቀንስ እንጂ! ምን ዓይነት ሾፌር ነህ?»