ትርጉሙን ያልደረሰችበት ተረት

ልጅ እያለሁ ማንበብና ትርጉም ማወቅ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ነበሩ። ቤተሰቦቻችን ከወሎ በሰፈራ መጥተው ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ አጠገብ በተከሉት መንደር፣ መድረሳችን አንዲት የሣር ዳስ ነበረች። ልጅ መጀመሪያ ቁርአኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው አንብቦ ያኸትማል፤ ትርጉሙን የሚማረው ከዚያ በኋላ፣ ሸኹ ሲፈቅዱለት ነው። ሳያኸትም ስለ ትርጉም የሚያወራ "ወሬኛ" ይባላል። በእንጨት ሰሌዳ የምንጽፍበት ቀለም ከድስት ጥላሸት ስለሚበጠበጥ ጣቶቻችን ጭስ ጭስ ይሸቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሸኹ ሽፋኗ በተገነጠለች መጽሐፍ አማርኛ ያስነብቡናል።

ጋምቤላ ክልል ከሆነ ብዙም ሳይቆይ፣ የመድረሳ ልጆች ንባብ ተመዝነው መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባሉ ተባለ። ታላቅ እኅቴ ዘይነባ ቁመቷ እናታችንን ሊያህል ምንም አልቀረውም። አባታችን ቁርጡን ነገራት፦ "ሦስተኛ ክፍል ካስገቡሽ ተማሪ። ከንፍጣሞቹ ጋር አንደኛ ከሆነ ግን ይቅርብሽ፤ ለትዳር የጠየቀሽም አለ።"

መዛኙ ከጋምቤላ ከተማ የመጡ፣ ሙቀቱ ያደከማቸው ትሑት መምህር ነበሩ። ስለ ጅብና አህያ የሚተርክ ገጽ ሰጧት። አንድ ፊደል ሳትስት ቁልቁል ወረደችው። ደጅ ተራ ከምንጠብቀው አንዱ "ወላሂ፣ ይቺ ሸኹንም ታስተምራለች!" ብሎ አሳቀን።

"ጎበዝ የኔ ልጅ። ምን ይላል ታዲያ?"

ዝም አለች።

"አህያዋ ምን ሆነች?"

"ትርጉሙን ገና አልደረስኩበትም፣ ጋሼ" አለች አንገቷን ደፍታ። "መጽሐፉን አላኸተምኩትም።"

አማርኛ አፍ የፈታችበት ቋንቋ ነው፤ አህያዋን ጅብ እንደበላት አሳምራ ታውቃለች። እሳቸው ግን "ሸምድዳ ነው" ብለው አንደኛ ክፍል መደቧት። እኔ ቀጥዬ ገባሁ። ድሮም ወሬኛ ስለነበርኩ ተረቱን ሳይፈቀድልኝ ዘረገፍኩት፤ ሦስተኛ ክፍል ተባልኩ። ሸኹ ከሶላት ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ "አደብ ነው እኮ፣ አለማወቅ አይደለም" አሉ። መዛኙ ግን ወደሚቀጥለው መንደር ሄደው ነበር።

ዘይነባ በቆሎው ሲሰበሰብ ተዳረች። ከመሄዷ በፊት ደብተሮቼን በአሮጌ ጋዜጣ ለብዳ ሰጠችኝ።

ዛሬ ከመዛኞች ጋር እየዞርኩ ስለ ንባብ ምዘና ውጤት ሪፖርት መጻፍ ሥራዬ ነው። መድረሳዎቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ ልጆቹ የየራሳቸው መጽሐፍ አላቸው፤ መዛኞቹ በታብሌት ይሠራሉ። መልካም ነው፤ እሱንም እጽፋለሁ። ግን አቀላጥፎ አንብቦ፣ ጥያቄው ላይ ሲደርስ ዝም የሚል ልጅ አይጠፋም። ያኔ ከመዛኞቹ አንዱ "ለምን ዝም አልክ?" እስኪለው እጠብቃለሁ። ስንት ዓመት ጠበቅሁ። ጣት ታብሌቱን ነካ ያደርጋል፤ ዜሮ ይመዘገባል፤ ቀጣዩ ልጅ ይጠራል።