ኦቲሊያ እና ያልተሰማው ፉጨት

ኦቲሊያ ጠዋት ዳቦ ቤታችን ስትገባ ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም ነበር። የንብ ሰምና የእርጥብ ድንጋይ ጠረን ቀድሟት ይገባል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ከእኛ ፊት ለፊት ያለውን ቤተ ክርስቲያን የምታጸዳው እሷ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከቤቷ ይልቅ እዚያ ትውል ነበር።

ከተማችን ሃዘልሪድ ትንሽ ናት። ሮብ ሮብ የቢራ ፋብሪካው ብቅል ሲቀቅል አደባባዩ እንዳለ ገንፎ ገንፎ ይላል፤ ነፋሱ ከሜዳው በኩል ሲመጣ ደግሞ የላም ፍግ ይዞ ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን የራሱ አየር አለው። በግንቦት እንኳ ውስጡ እንደ ምድር ቤት ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ነጭና ወርቅ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሰማይ ተስሏል፤ የጄሶ መላእክት በየጥጉ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። እንግዳ ሰው ሲመጣ አንገቱ እስኪያመው ወደ ላይ ያያል። ኦቲሊያ ቤቱን የምታውቀው በእጇ ነበር።

«እነዚህ ቀያይ አምዶች እኮ እብነ በረድ አይደሉም» አለችኝ አንድ ቀን። «እብነ በረድ እጅ ያቀዘቅዛል። እነዚህ ቀለም የገባበት ጄሶ ናቸው። እጅሽን አሳርፊባቸው፤ እንደ ላም ጎን ሞቅ ይላሉ።» የገበሬ ልጅ ስለሆነች ላም ታውቃለች።

ከማጽዳቱ ሌላ በዓመት አንድ ቀን የምትሠራው ሥራ ነበራት። ከጰራቅሊጦስ በዓል በፊት ባለው ሳምንት፣ ቁልፎቹ ሲጫኑ በቧንቧዎቹ አየር እየነፋ የሚዘምረውን የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ የቧንቧ ኦርጋን የሚቃኙት አቶ ዛይበርት ከኡልም ከተማ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ቃኚው ከቧንቧዎቹ መሃል ገብቶ ስለሚሠራ፣ ከውጭ ተቀምጦ ቁልፎቹን አንድ በአንድ የሚጫንለት ሰው ያስፈልገዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ዕለት ረዳታቸው ጥርሱን አሞት ቀረ። ቄሱ ኦቲሊያን ከነመጥረጊያዋ አምጥተው አቆሟት።

«እኔ እኮ ሙዚቃ አልችልም» አለች።

«እሰይ!» አሉ አቶ ዛይበርት። «የሚችል ሰው መች ተጭኖ ዝም ይላል? ካልተጫወትኩ ይላል።»

በዚያው ሠላሳ አንድ ዓመት ዘለቁ። መጀመሪያ አካባቢ አቶ ዛይበርት ከውስጥ ሆነው «ቀጥሎ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ኋላ ኦቲሊያ ራሷ መለየት ጀመረች። ሁለት ቧንቧዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ድምፁ ዋ-ዋ-ዋ እያለ ይንቀጠቀጣል፤ እየተቃኘ ሲሄድ መንቀጥቀጡ እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና ጸጥ ይላል። ያኔ ጣቷን አንስታ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ታልፋለች። በሦስተኛው ዓመት ጩኸቱ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ ይሠሩ ነበር። እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እንደተባባሉ ነው የኖሩት።

እኔ በዚያ ቀን የማደርገው ነገር ቢኖር አሥር ሰዓት ላይ ጨው የተነሰነሰበት ቋጠሮ ዳቦ ይዤላቸው ወደ ኦርጋኑ ሰገነት መውጣት ነው።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው ኦቲሊያ ስድሳ አራት ዓመት በሞላት ዓመት ነው። በቅኝቱ ቀን ዳቦ ቤት ቆሜ ሳለሁ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ፉጨት ጆሮዬን ወጋኝ። ማንቆርቆሪያ መሰለኝና ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ምድጃው ጠፍቷል። ወጥቼ ሳይ የቢራ ፋብሪካው ውሻ አደባባዩ መሃል ካለው የውኃ ምንጭ አጠገብ አንገቱን ሰቅሎ ያላዝናል። ድምፁ የሚመጣው በተከፈተው የቤተ ክርስቲያን በር ነው። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ አምስት ጠበቅሁ። አላቆም ሲል ዳቦውን በሽርጤ ይዤ፣ መሃሉ በእግር ብዛት የጎደጎደውን ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ኦቲሊያ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ጣቷ በስተቀኝ መጨረሻ ባለው ቁልፍ ላይ ነው። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ረጋ ብላለች።

«ኦቲሊያ! በማርያም ይዤሻለሁ፣ ልቀቂው!»

«ቡርጋ፣ ዝም በይ! አቶ ዛይበርት እየቃኙ ነው።»

ከቧንቧዎቹ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ወይዘሮ ኦቲሊያ፣ ለምን አይቀጥሉም?»

«እርስዎን እየጠበቅሁ ነዋ!»

«እኔም እኮ እርስዎን ነው የምጠብቀው!»

እጇን ይዤ ከቁልፉ ላይ አነሳሁት። ጸጥታው እንደ ውኃ ፈሰሰብኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለችኝ።

«ጆሮዬን በሳው እኮ! ውሻው ሳይቀር ውጭ ያለቅሳል!»

«ምኑ ነው የበሳሽ?»

ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም። ጣቷን ዝቅ አድርጋ ተመለከተችው፤ እንደገና ተጫነችው፤ ፉጨቱ እንደገና ወጣና እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እሷ የእኔን እጆች ብቻ ነው ያየችው።

አቶ ዛይበርት በትንሿ በር በዳዴ የኋሊት ወጡ። ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል፤ በእጃቸው የቧንቧ አፍ የሚያሰፉባትን ትንሽ የነሐስ መሣሪያ ይዘዋል። ተነስተው ቆሙ።

«እርስዎም አይሰሙትም?» አለች ኦቲሊያ።

«ትንንሾቹን አልሰማም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ በምን ቃኟቸው?»

«በእርስዎ ጆሮ» አሉ። «እርስዎ ወደሚቀጥለው ሲያልፉ፣ ተስተካክሏል ማለት ነው ብዬ አልፋለሁ። ማንም ሰው አማርሮ አያውቅም።»

ኦቲሊያ ተነሳች። ንጹሕ የሆኑትን ቁልፎች በሽርጧ ጠርዝ ወለወለቻቸው። መናደዷን ያወቅሁት በአወላወሏ ነው። «ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«አፈርኩ። ቃኚ መስማት ካቃተው ምን ቀረው?»

ወደ እኔ ዞረችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ቡርጋ፣ ማማውን እየዞሩ የሚጮኹት ጥቁሮቹ ወፎች ዘንድሮ መጥተዋል እንዴ?» አለች።

«ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት አላስተኛ ብለውኛል።»

«እኔ ደግሞ ዘገዩ ብዬ።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ አቶ ዛይበርትም ከወዲያኛው ጫፍ ተቀመጡ። ዳቦውን አከፋፈልኩ። ሦስታችንም ጨው ጨው የሚለውን እያኘክን ቆየን።

በመጨረሻ አቶ ዛይበርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኡልም ደውዬ አንድ ጎልማሳ ይላክ እላለሁ። ችግሩ በዓሉ አራት ቀን ነው የቀረው።»

«ለምን ብለው?» አለች ኦቲሊያ አፏን እየጠረገች። «በዚህ ከተማ የሰው ጉዳይ በመስማት ቡርጋን የሚያህል የለም። ከመደርደሪያዋ ኋላ ሆና ሦስት ጠረጴዛ ተሻግራ የሚንሾካሾኩትን ትሰማለች። ትስማልን!»

«እኔ? ዱቄት በዱቄት ሆኜ?»

«ዱቄቱ ጆሮሽ ውስጥ አልገባ!»

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። አቶ ዛይበርት ተመልሰው ገቡ፣ ኦቲሊያ ተጫነች፣ እኔ መሃል ቆሜ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ከሚወጋው ፉጨት በቀር ምንም አልለየሁም። ኦቲሊያ «ፉጨቱን ተዪው፤ ከሥሩ የሚንቀጠቀጠውን ፈልጊ» አለችኝ። ፈለግሁት። ቅጠል ውስጥ እንደተያዘች ዝንብ ይርገበገብ ነበር። አቶ ዛይበርት ከትንሿ ጣት የምታንሰውን ቧንቧ ጫፍ በመሣሪያቸው ነካ አደረጓት፤ እርግብግቡ ፈጠነ። «ባሰበት!» አልኩ። ሌላ ጊዜ ነካ አደረጉ፤ ዘገየ፣ ዘገየ፣ ቆመ።

«አሁን!» ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ ጣሪያው ላይ ካለው ሰማይ ደርሶ ተመለሰ።

«ቆዩ» አሉ ከውስጥ። «የእጄ ሙቀት ያሳስተዋል። ትቀዝቅዝና እንደገና ያዳምጡ።»

ለእያንዳንዷ ቧንቧ እንደዚያ ጠበቅን። ስንጨርስ መሽቶ ነበር፤ ባሌም ዳቦ ቤቱን ዘግቶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አቶ ዛይበርት በዚያው መከር ሥራቸውን ተዉ። በእሳቸው ቦታ የመጣው ሰው መብራት የሚያበራ ትንሽ ሳጥን ይዞ ነው፤ ሳጥኑ ይሰማለታል፣ ቁልፉንም የሚጫንለት ራሱ ያመጣው ረዳት ነው። ኦቲሊያ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲከፋት አየሁ። ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ ሥራዋን ቀጠለች። ሌላ ስድስት ዓመት ጠረገች፤ የጡረታ ዕድሜዋ አለፈ ቢሏትም አልሰማችም፤ ይህኛውን አለመስማት ግን ሆን ብላ ነው።

ቀጭን ድምፅ እየራቃት ሲሄድ ወፍራሙን ፈልጋ አገኘችው። ትልልቆቹ ቧንቧዎች ሲነፉ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው አግዳሚ ሥር ያለው ጣውላ ይንቀጠቀጣል። ያ ቦታ የእሷ ሆነ። እጇን በዚያ ሞቅ በሚለው ቀይ አምድ ላይ ታሳርፍና ዓይኗን ትጨፍናለች። አንዳንዴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ትንንሾቹ አሉ?» ትለኛለች። «አሉ» እላታለሁ።

አቶ ዛይበርትም ጰራቅሊጦስ በመጣ ቁጥር በእንግድነት ከኡልም ይመጡ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ የት መቀመጥ እንደሚሻል ተከራከሩ። እሳቸው በበሩ በኩል ነው አሉ፤ እሷ «ጫማዎን ያውልቁና እዚህ ይሞክሩት» አለች።

«በቅዳሴ መሃል?»

«ማን ያየዎታል?»

አወለቁ። ኦርጋኑ በሙሉ ድምፁ ሲጀምር ሽማግሌው እግራቸውን ጣውላው ላይ አሳርፈው አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ቀስ እያሉ ነቀነቁ። ኦቲሊያ ወደ እሳቸው አልዞረችም፤ ግን ፈገግ ስትል አየኋት። ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ዳቦ ቤታችን ገብተው ትኩስ ሾርባ ጠጡ፤ ስለ ጣውላው ክርክራቸውንም እዚያው ቀጠሉ። የአቶ ዛይበርት ካልሲ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር ነበር።