አያቴ በእግራቸው የሄዱበት መንገድ

አያቴ ከአምባሰል በእግራቸው ለሐጅ ሲነሡ አባቴ ገና በእናቱ ሆድ ነበር። በባቲ አድርገው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግረው መካ ገቡ። ሲመለሱ አንድ ሕፃን ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «እማ፣ ሰውዬ መጣ!» ብሎ ተጣራ። ሕፃኑ አባቴ ነበር። ይህን ታሪክ የማያውቅ ዘመድ የለንም፤ በየሰርጉ ይነገራል።

እኔና አባቴ ለሐጅ የተነሣነው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ መንገድ አብረን ሄደናል። ተኩሱ ከውጫሌ በኩል ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ሲቀርብ፣ ከሕዝቡ ጋር በእግራችን ወደ ደሴ ሸሸን። በሚኒባስ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ የሚደረስባት ደሴ ያን ቀን አልደረስ አለች። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ይልና፣ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እደርሳለሁ» ይለናል። እናቴ እያለቀሰች ታስነሣዋለች። ከተማው ውስጥ ስንገባ የምሽቱ የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ አባቴ በስተቀኝ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። እንደ ሌሎቹ ሐጃጆች ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ የተስቢህ መቁጠሪያውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከፊታችን ያለው ትንሽ ስክሪን ጂዳ ለመድረስ የቀረውን ርቀትና ሰዓት ያሳያል። ብዙም ሳንቆይ ካርታው ጥግ ላይ ደሴ የሚል ስም ብቅ አለ።

«አባ፣ ወሎ ላይ ነን።»

ዓይኑን ገለጠ። «የምን ወሎ? አሁን ተነሥተን?»

ከተራሮቹ መሃል፣ በሩቁ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ታየ። ሐይቃችን ይሁን ሌላ ውኃ እርግጠኛ አልነበርኩም። አባቴ ግን አልተጠራጠረም።

«ሐይቅ ናት!» አለ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ። ከዚያ መስታወቱ ላይ ከውኃው እስከ ደሴ ድረስ በጣቱ ለካ። የጥፍሩን ያህል አልሞላም።

«ያን ቀን ነፍሳችን ልትወጣ የደረሰችው እዚህች ላይ ነው?»

ውኃው ከክንፉ ኋላ ቀረ።

«ያረቢ፣ ከላይ ስታየን እንዲህ ነን?» አለና መዳፎቹን ዘርግቶ ከታች ላለው ሁሉ ዱዓ ማድረግ ጀመረ።

«አሁን የትግራይ ምድር ላይ ነን» አልኩት ቆይቼ።

እጁን አላወረደም።

ቀይ ባሕር ሲመጣ ከደመናው ሥር አንዲት ጀልባ ፈለገ፤ አላገኘም። «አባቴ በዚህ ላይ ስንት ሌሊት አድረዋል» አለኝ። ወዲያው የሐጅ ክልል መድረሳችን በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው ለአላህ ጥሪ «ለበይክ!» ብሎ መለሰ። የአባቴ ድምፅ እንዲህ የሚያስተጋባ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ጂዳ ወርደን ስልኬን ስከፍት የእናቴ ጥሪ ገባ። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት።

«ተነሣችሁ?» አለች።

«ደርሰናል።»

«ቦሌ?»

«ጂዳ!»

ከኋላዋ የሐይቅ ባጃጆች ጡሩምባ ይሰማል።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አለ አባቴ። እሱ ራሱም ያመነው ያኔ ይመስለኛል። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቱ፣ በሚያቃጥለው አስፋልት ላይ ለሱጁድ ተደፋ።