ጆሮ ረጅሙ መለከት

የረጠበ ውሻ ሽታ ብዙ ሰው አይወድም። ትናንት ግን ልጅሽ ያንን ቡችላ ታቅፎ ከዝናብ ሲሮጥ መጥቶ ደረጃው ላይ ሲያልፈኝ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የቡችላው ረጅም ጆሮ በልጁ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሽታው የእርጥብ በግና የጭድ ነው። ለጊዜው ቡራዩ መሆኔን ረሳሁት፤ ሱሉልታ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ሐምሌ ላይ ነበርኩ።

"ይሄ ዘር ጠባዩ እንዴት ነው? ለልጆች ይሆናል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ይሆናል" ብቻ ብዬሽ ገባሁ። ቅር ሳይልሽ አልቀረም። አሁን ሻዩ እስኪበርድ ቁጭ በይና ላውራሽ።

አባቴ ሱሉልታ አንድ የከብት እርባታ ውስጥ ሹፌር ነበር። የእርባታው የእንስሳት ሐኪም ፈረንጅ ነበረች፤ ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ውሻዋን ለአባቴ ሰጠችው። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ዶሮና በግ ይሰረቅ ስለነበር አባቴ ደስ አለው። የፈረንጅ ውሻ ሲባል እኛ የጠበቅነው ጥጃ የሚያህል፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር ነበር። ከመኪናው የወረደው ግን እግሩ አጭር፣ ሆዱ ሞላ ያለ፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ ውሻ ነው። ጆሮዎቹ እንደ ሁለት ቅጠል ወርደው ጉንጩ ላይ ተኝተዋል። ዓይኑን ስታዪው አሁን አለቀሰ፣ አሁን አለቀሰ ያሰኛል። ወረደና ሁላችንንም በየተራ አሽትቶ፣ ጭራውን እየቆላ እናቴ እግር ላይ ተጋደመ።

እናቴ እግሯን ሰብሰብ አደረገች። "ይሄ ነው ሌባ የሚያባርርልን?" አለች።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ስልኩን አውጥቶ ፈለገና አነበበልን። "ቢግል ይባላል። የአደን ውሻ ነው፤ የጥንቸልን ሽታ እየተከተለ ነው የሚይዛት። በመንጋ የኖረ ዘር ስለሆነ ብቻውን መሆን አይችልም ይላል። ሰው ይወዳል፣ ልጅ ይወዳል፣ ሆዳም ነው፣ ትእዛዝ ላይ ግን ትንሽ ያስቸግራል።"

"ስለ ጥበቃስ ምን ይላል?" አለ አባቴ።

"ስለ ጥበቃ ምንም አይልም።"

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን መጡ። ሁላችንም በአፋን ኦሮሞ ኦቦ፣ አቶ እንደ ማለት፣ ነበር የምንላቸው፤ አገሩ ገና የእርሻ ማሳ እያለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ናቸው። "አካም ቡልተ"፣ እንዴት አደርክ፣ ብለው ገቡና አባቴ መልሶ ሳይጨርስ፣ "ማን ነው መለከት ሲነፋ ያነጋው?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ድምፁ እንደ ሌላ ውሻ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ጩኸት አይደለም፤ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ አንድ ረጅም ነገር ይለቃል፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ስሙ በዚያው መለከት ሆኖ ቀረ።

ወንድሜ ያነበበው ሁሉ እውነት ሆነ። አንድ ቀን ሁላችንም ገበያ ሄደን ስንመለስ ሁለት ዶሮዎች የሉም። ኦቦ ሌባውን ከማሳቸው ሆነው አይተውት ኖሯል። "እኔ እንግዳችሁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አሉ። "ውሻችሁ እስከ አስፋልት ድረስ ሸኘው እኮ።" አባቴ ተቆጣ፤ ቆይቶ ግን ራት ላይ ነገሩ ትዝ ሲለው ብቻውን ሳቀ። ለበዓል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ግማሹን በልቶ፣ በቀረው ግማሽ ላይ አገጩን አስደግፎ ተኝቶ ያገኘነውም እሱን ነው። መሬት መሬቱን ማሽተት ከጀመረ ደግሞ ስሙን ብትጠሪ፣ ሥጋ ብታሳዪ አይመለስም። "አፍንጫው ሲከፈት ጆሮው ይዘጋል" ይል ነበር ወንድሜ።

ሁላችንንም ይወደን ነበር፤ ወንድሜን ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነበር የሚተኛው። እናቴ ውሻ ስዕለ አድኅኖ ካለበት ቤት አይገባም ብትልም፣ ሰርቪሷ ግን ከሕጉ ውጪ ነበረች። ጠዋት በሩን ስከፍት መለከት አልጋው ላይ ጀርባውን ለወንድሜ ሰጥቶ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ አገኘዋለሁ። ወንድሜ ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድረው።

ክረምቱ ሲገባ ውጤት መጣ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣም። አባቴ አልተቆጣም። "በድጋሚ ትፈተናለህ፤ ዓመቱን ሙሉ ታጠናለህ" አለው። ለእሱ ነገሩ አልቋል። ወንድሜ ግን ሳምንት ያህል ሰነበተና አንድ ጠዋት ሰበታ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ማግኘቱን ተናገረ።

"እኔ መሪ ጨብጬ ያረጀሁት አንተ ማሽን ስር እንድትውል ነው?" አለ አባቴ።

"እኔ ሥራ እወዳለሁ አባዬ። ወረቀት አይገባኝም።"

"እንግዲያው ሂድ። ከሄድክ ግን ተመልሰህ እንዳላይህ።"

አባቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እሱም ራሱ የሰማ አልመሰለኝም። ወንድሜ ግን ሰማ። በማግስቱ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። መለከትን እንዳይከተለው እኔ ነኝ ይዤ የቀረሁት፤ ልቡ እጄ ስር ይመታ ነበር።

ስለቅቀው አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጭቃውን፣ የድንጋይ መሻገሪያውን፣ ወንድሜ የረገጠውን ሁሉ እየለቀመ ታክሲ ማቆሚያው ደረሰ። ሽታው እዚያ ያልቃል። ዞረ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዞረ፤ ከዚያ ቁጭ አለ። ታክሲ በመጣ ቁጥር ተነስቶ በሩ ሥር ይቆምና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያሸታል፤ የመጨረሻው ሲወርድ ተመልሶ ይቀመጣል።

አመሻሽ ላይ አባቴ ሄዶ አመጣው። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ተራ አስከባሪው፣ "ጋሼ፣ ውሻዎ እኮ ልጅዎን ነው የሚጠብቀው" አለው።

"ውሻ ምን ያውቃል" ብሎ አባቴ ገመዱን ጎተተው።

ከዚያ አሰርነው። ሲታሰር ደግሞ ማላዘን ጀመረ። ውሻ ሲያላዝን ደግ አይደለም ይባል የለ? እናቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ መብላት አቃታት። ጓዳ ገብታ በድብቅ ለወንድሜ ትደውላለች፤ "ደህና ነህ? ማሽኑ አይነካህም?" ትለዋለች። እሱም "አባዬ ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሷም "ምንም" ትለዋለች። በመጨረሻ ኦቦ መጡና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ልጆች ሳለን ተቆጥተውን አያውቁም፤ ያን ቀንም አልተቆጡም። "ቤትህን ለቅሶ ቤት አስመሰለው እኮ" አሉት አባቴን። "ሰው ሳይሞት አይለቀስም። ፍታው።"

አባቴ ፈታው። መለከትም ወደ ማቆሚያው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ወርዷል፤ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ጭጋግ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ከዘመድ ቤት ስመለስ አባቴ ማቆሚያው ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ጥቁሩን ጃንጥላ ዘርግቷል፤ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለመለከት ነው። አንድ ታክሲ መጣ። በሩ ሲከፈት ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሰዉ ወርዶ አለቀ። ሁለቱም መልሰው አቀረቀሩ። እንዳያየኝ በማዶ በኩል ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ።

በዚያው ሳምንት መለከት ምግብ ተወ። ድፎ ዳቦ የሚሰርቅ ውሻ የተቀመጠለትን አሽትቶ ፊቱን ያዞር ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጋቢውን ለብሶ ተነሳ። "ሰበታ ወስጄ ለባለቤቱ አስረክቤው እመጣለሁ። እኔ ደከመኝ" አለ። እናቴ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው። እኔ መለከት ሊሄድብን ነው ብዬ እያለቀስኩ ተከተልኩ፤ አትምጪ አላለኝም።

የመጀመሪያው ታክሲ ላይ ረዳቱ "ውሻ አንጭንም ጋሼ" አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ሲመጣ አባቴ መለከትን ከመሬት አንስቶ በጋቢው ጠቀለለውና እንደ ሕፃን ታቅፎት ገባ። አጠገባችን የተቀመጡ አሮጊት አንጀታቸው ራራ። "አመመው?" አሉ።

"ትንሽ" አለ አባቴ።

አዲሱ ገበያ ልንደርስ ስንል አንድ ረጅም ጆሮ ከጋቢው ወጥቶ ተንጠለጠለ። አሮጊቷ በስመ አብ ብለው አማተቡ። አባቴ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ የት እንደምንሄድና ለምን እንደምንሄድም ነገራቸው። ለማያውቃቸው ሴት የነገራቸው ለእኛ ተናግሮት የማያውቀውን ነው፤ "ክፉ ቃል አምልጦኝ ነው" አላቸው። አሮጊቷም፣ "ቃል እንኳ ይመለሳል፤ እግዜር ልጁን ያቆይልህ" አሉት። ሲወርዱ የመለከትን ግንባር በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት።

ከአየር ጤና ሌላ ታክሲ ይዘን ሰበታ ስንደርስ ፋብሪካው ፈረቃ ሊቀይር ተቃርቦ ነበር። አየሩ የቀለምና የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። በሩ ሲከፈት ሠራተኛው ወጣ፤ ሴቱም ወንዱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፣ ሁሉም ራሱ ላይ ጥጥ ተነስንሶበታል። እኔ ማንንም መለየት አቃተኝ። አባቴም አንገቱን እያስረዘመ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። መለከት ግን አላየም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳ፤ አፍንጫው ይርገበገባል። ከዚያ ያንን ረጅም ድምፁን ለቀቀው። ሰዉ እየሳቀ ዞር አለ፤ መንገድ ለቀቀ። ገመዱ ከአባቴ እጅ አመለጠ።

ከኋላ፣ ከግንቡ ጥግ የሚመጣ አንድ ቀጭን ልጅ ቆመ። መለከት ሲደርስበት ጉልበቱ ላይ ወደቀና ፊቱን አንገቱ ውስጥ ቀበረ።

ቀና ሲል አባቴን አየውና ተነሳ። እጁን ቱታው ላይ ጠረገ።

"ደህና ዋልክ አባዬ።"

"ይሄ ውሻህ አላስቀምጥ አለን። ጎረቤት ተማረረ" አለ አባቴ። "ላስረክብህ ነው የመጣሁት።"

"የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር። አከራያችን ውሻ አይፈቅዱም።"

"እንግዲያስ ምን ይሁን?"

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። "እናንተ ጋ ይቆይ። እኔ እሁድ እሁድ እየመጣሁ ባየውስ?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "የአንተ ውሻ ነው። መጥተህ ብታየው ማን ይከለክልሃል" አለ። ከዚያ እጁን አንስቶ ከወንድሜ ፀጉር ላይ ጥጡን ለቀም ለቀም ያደርግ ጀመር። "ይሄን ሁሉ ነው የምትተነፍሰው?"

"ማስክ ይሰጡናል።"

"አድርገው እንግዲህ።"

ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለቱም አልወጣም። እናቴ የሰጠችንን ዳቦ ግንቡ ሥር ተቀምጠን በላን፤ ትልቁን ድርሻ የበላው መለከት ነው።

በማግስቱ እሁድ ወንድሜ መጣ። ከዚያ በኋላም መጣ። አባቴ የፈተናውን ነገር መልሶ አላነሳም፤ ወንድሜም ሲቆይ የማሽን ጥገና ተማረ፣ ፋብሪካው ውስጥ ያገኛትን ልጅ አገባ፣ እዚያው ሰበታ ወለደ። ልጆቹ የመለከትን ጆሮ መጋረጃ እያደረጉ ይደበቁበት ነበር። እሱ በትዕግሥት ይተኛላቸዋል። ለልጆች ይሆናል ወይ ላልሽው፣ እንዲህ ሆኖ ይሆናል። ቡችላውን ግን ብቻውን አትተዪው፤ አንዱ ሰው ከቤት ከጎደለበት አያርፍምና፣ እናንተንም አያሳርፋችሁም።

መለከት አፍንጫው ዙሪያ ሸብቶ፣ ጀርባው ጎብጦ፣ ብዙ ዓመት ኖረ። አንድ የበጋ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ በዚያው አሸለበ። ለወንድሜ የሥራ ቀን ነበር፤ አስፈቅዶ መጣ። ከአጥሩ ጥግ እሱና አባቴ እየተፈራረቁ ቆፈሩ። "ትንሽ ጥልቅ አድርገው፤ ጅብ እንዳያወጣው" ይላል አባቴ፤ ወንድሜም ያጠልቃል። ኦቦ በዘንጋቸው እየተደገፉ መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። "ለውሻ አይለቀስም። እኔ እንዲሁ ልቀመጥ ነው የመጣሁት" አሉ፤ እስኪያልቅም ድረስ ተቀመጡ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ቁርስ ቀረበ። አባቴ ከእንጀራው ቆረሰና፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ እጁን ለመለከት እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ሥር ዘረጋ። እጁ እዚያ ትንሽ ቆየ። እናቴ አየችው። ጎንበስ ብላ ቁራሿን ከጣቱ ተቀበለችና፣ ወጥ አስነክታ፣ ጠቅልላ፣ መልሳ ራሱን አጎረሰችው።